«ልጆቹን ግን ነክቷቸው አያውቅም»፦ ጥቃት ባለበት ቤት ስለሚያድጉ ልጆች የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 11፣ ወንዱ 5 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ሲጠጣ ይጮኻል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ አንዳንዴም ይመታኛል። ልጆቹን ግን ነክቷቸው አያውቅም፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው እነሱ ከተኙ በኋላ ነው። ትንሹ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል፤ ከኬጂም ‹ልጆችን ይመታል› ተብዬ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ትልቋ ምንም ችግር የለባትም፤ ጎበዝ ተማሪ፣ ዝምተኛና ታዛዥ ናት። ሽማግሌዎች ‹ለልጆችሽ ስትይ ቻይው› ይሉኛል። የልጄ ጠባይ ከዚህ ጋር ይያያዛል ወይስ የዕድሜው ነው? በልጆቼ ላይ የሚቀር ነገርስ ይኖራል?»

የባለሙያ ምላሽ፦

እህቴ፣ ልጅዎን በአካል ሳላየው የጠባዩ መነሻ ይህ ብቻ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ይሁን እንጂ የዘረዘሯቸው ምልክቶች፣ የጀመሩበት ሁኔታና የቤቱ ድባብ አንድ ላይ ሲታዩ በሙያዬ ደጋግሜ ከማየው ነገር ጋር ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ በእጅጉ ሊያያዝ ይችላል የሚል ነው። የሚያስጨንቀኝ ግን ትንሹ ብቻ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልንገርዎት። ምንም ችግር የለባትም ያሏት ልጅዎም የዚያኑ ያህል ታሳስበኛለች፤ ስለ እርሷ ወደ ኋላ በሰፊው እመለሳለሁ።

«ልጆቹን ግን ነክቷቸው አያውቅም» የሚለው አነጋገር በምክር ክፍል ውስጥ ከእናቶች አፍ አዘውትሬ የምሰማው ነው። የሚናገሩትም በቅንነት ነው፤ ቢያንስ ዱላው እነሱ ላይ እንዳያርፍ ተከላክያለሁ ብለው የሚጽናኑበት ነገር ስለሆነ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መከላከል ላቃልለው አልፈልግም። ሆኖም የምርምሩ ውጤት የሚያሳየው ነገር ከዚህ መጽናኛ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነና 118 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ምርምር፣ በወላጆቻቸው መካከል ድብደባ ካዩ ልጆች ውስጥ 63 በመቶ የሚሆኑት ሁኔታቸው እንዲህ ያለ ነገር ካላየ አማካይ ልጅ የከፋ እንደነበር አሳይቷል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ደግሞ በዚያው ምርምር ድብደባውን ያዩት ልጆች ራሳቸው ከተደበደቡት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አለመገኘቱ ነው። ለልጅ ጥቃቱን «ማየት» ማለት በጥቃቱ ውስጥ መኖር ማለት ነው። የእናቱ አካል ሲመታ ዳር ሆኖ እንደሚመለከት ምስክር አድርጎ ራሱን አያስብም፤ የሚጠለልበት ቤት እንደተናጋ ነው የሚሰማው።

«ተኝተው ሳለ ነው» ያሉትንም እንዲሁ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል። የአብዛኞቻችን ቤት አንድ ክፍል፣ ወይም በኮምፔርሳቶ የተከፈለ፣ ወይም የጎረቤት ሳል ጭምር የሚሰማበት ኮንዶሚኒየም ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሳህን ሲሰበር የማይሰማ ልጅ የለም። እንቅልፍ ቢወስደውም እንኳ አእምሮው በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ወር የሆኑ ሕፃናት ተኝተው ሳለ የቁጣ ድምፅ እንዲሰሙ ተደርጎ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ በምስል ታይቶ ነበር። በወላጆቻቸው መካከል ብዙ ግጭት ባለባቸው ሕፃናት ዘንድ፣ ስሜትንና የጭንቀት ምላሽን የሚቆጣጠሩት የአንጎል ክፍሎች ለዚያ የቁጣ ቃና ይበልጥ ጎልቶ የሚታይ ምላሽ ሰጥተዋል። አንድ ቃል እንኳ መናገር የማይችል ሕፃን፣ ያውም በእንቅልፍ ላይ ሆኖ፣ ይህን ያህል ከለየ የ5 ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚለይ መገመት አያዳግትም። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚለው የተለመደ አነጋገራችን ትልልቆቹን የሚያረጋጋ ካልሆነ በቀር እውነትነት የለውም። ያልታየው ነገር ከታየው የሚከብድበት ጊዜም አለ፤ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ምስሉን በሐሳቡ ሲሞላው የሚሥለው ሥዕል ከሆነውም ሊከፋ ይችላልና።

አሁን ወደ ትንሹ ልጅዎ ልምጣ። ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር የሚያጠናው የመጀመሪያ ትምህርት የቤቱ ሰዎች ፊት ነው። ማን ሲስቅ ምን ይከተላል፣ ማን ዝም ሲል ምን ይመጣል፣ የግቢው በር እንዴት ሲከፈት ዛሬ ሰላም ነው፣ እንዴት ሲከፈት አይደለም የሚለውን ጠንቅቆ ያጠናል። ሰላም ባለበት ቤት ይህ ጥናት ቀስ እያለ ወደ ጨዋታ፣ ወደ ጓደኝነትና ወደ መተማመን ያሸጋግረዋል። ጥቃት ባለበት ቤት ግን ጥናቱ በአንድ ርዕስ ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ርዕሱም አደጋን ቀድሞ ማወቅ ነው። በዚህ ረገድ የተደረጉ ምርመራዎች የሚደንቅ ነገር አሳይተዋል። ድብደባ የደረሰባቸው ልጆች ቀስ በቀስ ግልጽ እየሆነ የሚሄድ የፊት ምስል ሲታዩ፣ ሌሎች ልጆች ገና ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እነሱ ቁጣውን ቀድመው ይለዩታል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በቤታቸው ጥቃት ያለባቸው ልጆች የተቆጣ ፊት ሲያዩ፣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍልና ከእርሱ ጋር የሚሠራ ሌላ አካባቢ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይነቃ ነበር፤ አጥኚዎቹም ይህን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ላይ ከታየው ጋር አመሳስለውታል። ልጆቹ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አልነበሩም። አንጎላቸው ከሚኖሩበት ቤት ጋር የሚስማማ ሥራ እየሠራ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ችሎታ ይዞ ኬጂ ሲገባ ነው። በሰልፍ ላይ አንድ ልጅ ሳያስበው ትከሻውን ይገፋዋል። ሌላው ልጅ ቢሆን ዞር ብሎ ያያል፣ ወይም ለመምህሯ ይናገራል፤ የእርስዎ ልጅ ግን ግፊቱን የጥቃት መጀመሪያ አድርጎ ያነበዋል፣ ሰውነቱም ከሐሳቡ ቀድሞ ይነሳል። የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ኮርቲዞልና ሌሎች የጭንቀት ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፣ እጁ ይሰነዘራል። መምህሯ የምታየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ተደባዳቢ» የሚል ስም ይወጣለታል፣ ልጆቹ ይሸሹታል፣ ሲሸሹት ደግሞ ዓለም ጠላቴ ናት የሚለው ንባቡ ትክክል እንደሆነ ማስረጃ ያገኛል። ማኅበራዊ ዕድገት የሚጎዳው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው፤ በአንድ ትልቅ ጠባሳ ሳይሆን፣ በየቀኑ በሚያመልጡት ትንንሽ የመጫወትና የመታረቅ ዕድሎች ነው።

በዚህ ላይ ከአባቱ ይቀዳል የሚል አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባደረገው ስመ ጥር ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ያንኑ አመታት ሲደግሙት ታይቷልና ነጥቡ መሠረተ ቢስ አይደለም። እኔ ግን ለ5 ዓመት ልጅ ከመቅዳቱ ይልቅ የማያርፈው የማስጠንቀቂያ ደወሉ ይበልጥ ሚዛን እንደሚደፋ አምናለሁ። ልዩነቱ ለሕክምናው ያገለግላል፤ «ክፉ ጠባይ ተማረ» ካልን ቅጣት እንፈልጋለን፣ «ፈርቷል» ካልን ግን ማረጋጊያ እንፈልጋለን።

ስሜትን መግራት የሚባለውም በተፈጥሮ ብቻ የሚመጣ ችሎታ አይደለም። ልጅ መጀመሪያ የሚረጋጋው በሌላ ሰው እርጋታ ነው፤ እናቱ አቅፋ ስታባብለው የእሷን ጸጥታ ይዋሳል፣ ከብዙ መቶ ብድሮች በኋላ የራሱ ጸጥታ ይኖረዋል። የተደበደበች እናት በማግስቱ የምታበድረው ጸጥታ ከየት ታመጣለች? ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ እርስዎ ለማዞር አይደለም። ጥቃቱ ልጁን የሚጎዳው በቀጥታ ብቻ ሳይሆን የእናቲቱን ጉልበት በመጨረስም ጭምር መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው የሚመታው ሰው ነው። ሌላም ውስብስብ ነገር አለ። ልጅ ሲፈራ ወደ ወላጁ እንዲሮጥ ሆኖ ነው የተፈጠረው። የሚፈራው ራሱን ወላጁን ሲሆን፣ ወይም የሚሸሸግባት እናት እየተንቀጠቀጠች ሲያገኛት፣ ወዴት እንደሚሮጥ ይጠፋዋል። በወላጅና በልጅ ቁርኝት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን የተዘበራረቀ ቁርኝት ይሉታል። ልጁ ሲቀርቡት ይገፋል፣ ሲተዉት ይጣበቃል፤ ወላጁም ግራ ይጋባል።

ከዚህ ዕድሜ ጠባይ የተነሣ ደግሞ የ5 ዓመት ልጅ በዙሪያው የሚሆነውን ሁሉ ከራሱ ጋር ያያይዛል። «ማታ ወተቱን ስለደፋሁ ነው አባዬ የተቆጣው» ብሎ በልቡ ሊደመድም ይችላል፤ ማንም ካልነገረው በቀር ይህን ድምዳሜ የሚያፈርስለት የለም። አልጋ ላይ መሽናቱ የተመለሰውም በዚሁ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ከስድስት ወር በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሽንት ምርመራ ቢደረግለት ይገባል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም የስኳር በሽታም ይህንኑ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ በሸናበት አንሶላ ማሳፈርም ሆነ መግረፍ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቆመውም።

ስለ ትልቋ ልጅዎ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ዝምተኛ፣ ታዛዥ፣ ጎበዝ። ይህ በእርግጥ የተፈጥሮ ባሕርይዋ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነም ደስ ይላል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምታድግ የ11 ዓመት ልጅ ሌላ ሥራም ሊኖራት እንደሚችል ይመልከቱ። ጩኸቱ ሲጀምር ወንድሟን ጆሮውን ይዛ የምታስተኛው ማን ናት? ጠዋት የተሰበረውን ብርጭቆ አንስታ እንዳልተፈጠረ የምታደርገው ማን ናት? አባቷ ሲገባ ቀድማ ጫማውን የምትቀበለው፣ ሳይጠይቃት ውኃ የምታቀርበው፣ ደብተሯ ሲያልቅ ለመግዣ ገንዘብ ለመጠየቅ ሳምንት የምታመነታው ማን ናት? ሙያችን ይህን የወላጅነት ሸክም ወደ ልጅ መዞር ብሎ ይጠራዋል። ዘመድ አዝማድ «እንዴት ያለች ትልቅ ሰው!» እያለ ሲያደንቃት ሸክሙን እየመረቀላት መሆኑን አያስተውልም። በክፍል አንደኛ መውጣቷም አንዳንዴ የትምህርት ፍቅር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እኔ አንዳች ካላጠፋሁ ቤቱ ሰላም ይውላል የሚል ስውር ስምምነት ከራሷ ጋር አድርጋ ይሆናል።

ወንድሟ የሚጮኸውን እርሷ ትውጠዋለች። ወንዶች ወደ ውጭ ያወጡታል፣ ሴቶች ወደ ውስጥ ያስገቡታል የሚለው አባባል ለሁሉም ልጅ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም የምትውጥ ልጅ ማንንም ስለማትረብሽ ማንም አይጠራላትም። ስለዚህ የሚፈለጉት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ ሐኪም መንስኤ ያላገኘለት የሆድ ቁርጠት ወይም ራስ ምታት፣ በተለይ ከሰንበት ማታ ጀምሮ የሚነሣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እርስዎን ቤት ትቶ ለመሄድ አለመፈለግ፣ ትንሽ ስሕተት ላይ መንቀጥቀጥ፣ እና ከሁሉ በላይ ጓደኛ ወደ ቤት አለማምጣት። የመጨረሻውን ለብቻው ላንሣው። እኛ ዘንድ የቤት ገመና ወደ ውጭ አይወጣም፤ ገመናን መክተት ከጨዋነት ይቆጠራል። የ11 ዓመት ልጅ ጓደኝነት ግን የሚገነባው ምሥጢር በመለዋወጥ ነው። አንዷ ስለ ቤቷ ስትነግራት ልጅዎ የምትመልሰው ነገር ማሰብ፣ መምረጥ፣ መዋሸት ይኖርባታል። እንዲህ እየሆነ ብዙ የሚያውቋት፣ ግን ማንም የማያውቃት ልጅ ትሆናለች። በጉርምስና ዕድሜ ድብርትና ጭንቀት የሚገለጡት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብቸኝነት ሥር ነው፤ በኋላም ትዳር ስትይዝ ሰውን የምትወደው ስሜቱን እየጠበቀች ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እባክዎ ጠቡ በተነሣ ጊዜ መሐል እንድትገባ አያድርጉ፤ ገላጋይ ልጆች የሚጎዱት ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። በሰላሙም ሰዓት «አባትሽ እንዲህ አደረገኝ» እያሉ የሚያማክሯት እርሷን አይሁን። እርስዎ የሚያዋይዎት ትልቅ ሰው ያስፈልግዎታል፤ እርሷ ደግሞ እናት ያስፈልጋታል።

የሚቀር ነገር ይኖራል ወይ ላሉት፣ ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ በሳን ዲዬጎ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የታወቀው ጥናት፣ አዋቂዎች በልጅነታቸው የደረሰባቸውን መከራ በየዓይነቱ እንዲቆጥሩ አድርጎ ነበር፤ የእናት መደብደብ ከተቆጠሩት ዓይነቶች አንዱ ነው። አራትና ከዚያ በላይ የቆጠሩ ሰዎች ምንም ካልቆጠሩት ይልቅ ለመጠጥ ሱስ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጣቸው ዕድል ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ከባድ ቁጥር ነው። ይሁንና ስለ ብዙ ሰዎች የተነገረ የዕድል ስሌት እንጂ ስለ ልጅዎ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩትን 63 በመቶም ገልብጠው ቢያዩት ከሦስቱ ልጆች ከአንዱ በላይ ከሌሎች የከፋ ሁኔታ አልታየባቸውም። በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በወላጅ ሕመም መካከል ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ብቁ፣ በራሳቸው የሚተማመኑና ለሌላ የሚያስቡ ሰዎች ሆነው ማደጋቸውን መዝግቧል። እነዚህን ልጆች ከሌሎቹ ከለዩዋቸው ነገሮች ዋናው ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚያምኑት ትልቅ ሰው መኖሩ ነበር፤ እናት፣ አያት፣ አክስት፣ አንዳንዴም መምህር። አያት ከጎን ባለበት አገር ይህ ተስፋ ቀላል አይደለም።

ሽማግሌዎቹ የሚሉትን በንቀት ልመልሰው አልፈልግም። ትዳር እንዳይፈርስ፣ ልጆች ያለ አባት እንዳያድጉ ከማሰብ ነው የሚሉት፤ ልጆችም በአብዛኛው ከሁለቱም ወላጆቻቸው ጋር መኖርን ይሻሉ። ነገር ግን ምክሩ የሚቆመው ድብደባን የትዳር አንድ ጠባይ አድርጎ ከመቁጠር ላይ መሆኑን ማየት ይኖርብናል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ብለው እንደሚያምኑ አሳይቷል፤ ምግብ ማሳረርና ሳይናገሩ መውጣት ከተጠየቁት ምክንያቶች መካከል ይገኛሉ። ሲጠየቁ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ነበሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የሴቶቹ ቁጥር 81 በመቶ ስለነበር መሻሻል አለ፤ ግን ይህ እምነት ከየት ይመጣል ቢባል፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ሳለች በእናቷ ላይ ሲሆን ያየችውንና «ቻይው» ሲባል የሰማችውን አንድ ምንጭ አድርጌ አየዋለሁ። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ሲባል ልጅዎ በጓዳ በኩል ትሰማለች። ስለ ራሷ የወደፊት ትዳር የተነገራት ምክር አድርጋ ነው የምትወስደው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ልናገር፣ አለዚያ ጠብ የማያውቅ ቤት ብቻ ጤነኛ ነው ያልኩ ይመስላል። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ድምፃቸውም ከፍ ይላል። ልጆች ወላጆቻቸው ሲጣሉ አይተው በእውነት ሲታረቁም ካዩ ጭንቀታቸው በጣም እንደሚቀንስ፣ እንዲያውም አለመግባባት እንዴት እንደሚፈታ እንደሚማሩበት የተረጋገጠ ነው። ጉዳቱ ያለው አንዱ ሌላውን በሚያስፈራበት፣ በሚያዋርድበትና በሚመታበት ጠብ ላይ ነው። ሽማግሌ ፊት ጉልበት ስሞ በሦስተኛው ሳምንት የሚደገም ዕርቅን ልጆች ዕርቅ ብለው አይቆጥሩትም፤ የሚቀጥለው እስኪመጣ ያለ ዕረፍት አድርገው ነው የሚቆጥሩት። መጠጡም ቢሆን ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አያስረዳውም፤ ባለቤትዎ ሰክሮ አለቃውን ወይም ፖሊስን ካልመታ፣ ማንን መምታት እንደሚችል ስካሩ ውስጥም ያውቃል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹን የሚጠይቋቸው ከሆነ «ታረቁ» ከማለት አልፈው የማይመታበትን ቁርጥ ያለ ግዴታ፣ የመጠጥ ሕክምናን፣ ግዴታው ሲፈርስ የሚሆነውንም እንዲያስሩ ይጠይቋቸው። ይህን የማያስር ሽምግልና ለልጆችዎ አንዳች የሚጨምርላቸው ነገር የለም።

ይውጡ ወይም ይቆዩ ብዬ ከዚህ ሆኜ ልወስንልዎት አልችልም፤ መለያየት ሲነሣ ጥቃቱ የሚከፋበት ጊዜም ስላለ በችኮላ የሚደረግ ነገር አይደለም። ይልቁንም ከወዲሁ ይዘጋጁ፤ መታወቂያ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ ጥቂት ገንዘብ በሚታመን ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ጩኸት ሲሰማ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ጎረቤት ይኑር፤ ልጆቹም የት እንደሚሮጡ ይወቁ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በወንጀል ያስጠይቃል፤ ፖሊስ ዘንድም ለሴቶችና ለሕፃናት ጉዳይ የተቋቋሙ ክፍሎች አሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ እናቶችን ከነልጆቻቸው የሚያስጠልልበት ቤት አለው። ልጆቼን ይወስድብኛል የሚል ሥጋት ካለብዎ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አኗኗር ሲወስን የተጋቢዎቹን ገቢ ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን፣ ጤንነታቸውንና አኗኗራቸውን፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል፤ ገቢ ስለሌለኝ አጣቸዋለሁ ብለው አስቀድመው አይደምድሙ።

ውሳኔዎ ምንም ይሁን፣ ለልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ የሚደረግ ነገር አለ። ጠብ ባደረበት ማግስት እንዳልሆነ ሆኖ ማለፍ ልጁን ከጥርጣሬው ጋር ብቻውን ይተወዋል። ትንሹን አጠገብዎ አስቀምጠው «ማታ ጩኸት ሰምተሃል፣ ፈርተህ ይሆናል። አባትህ መጮኹና መምታቱ ልክ አይደለም። አንተ ያጠፋኸው ምንም ነገር የለም። እኔን መጠበቅም የአንተ ሥራ አይደለም» ይበሉት። አባቱን ሙሉ በሙሉ ክፉ አድርገው አይንገሩት፤ ልጁ አባቱን ይወዳል፣ ከአባቱም የተሠራ መሆኑን ያውቃል፣ ስለዚህ ድርጊቱን ከሰውየው መለየት ያስፈልጋል። ራት፣ ገላ መታጠብ፣ ተረት፣ መኝታ በየቀኑ በአንድ ቅደም ተከተል ቢሆኑለት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ብቻ ደወሉን ዝቅ ያደርግለታል። ሲቆጣ የስሜቱን ስም ይስጡት፤ «ተናደሃል»፣ «ፈራህ»፣ «አፈርክ» የሚሉ ቃላት የሌሉት ልጅ በእጁ ይናገራል። ለኬጂ መምህሯ ዝርዝሩን መንገር አያስፈልግዎትም፤ «ቤታችን ውስጥ አስቸጋሪ ጊዜ አለ፣ ድንገት ከኋላው ሲነኩት ይደነግጣል፣ ሲቆጣ ከመጮኽ ጎንበስ ብለሽ በዝግታ አናግሪው» ቢሏት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መምታቱ፣ መሽናቱ ወይም ቅዠቱ ከአንድና ሁለት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ስለ ሞት ቢያነሣ፣ ምግብ ቢተው፣ ራሱን ቢጎዳ ሳይዘገዩ ወደ ባለሙያ ይውሰዷቸው። በአማኑኤልና በሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ፤ አማኑኤል መሄድ ማበድ ነው የሚለውን የሰፈር ወሬ ይተዉት። ለትንንሽ ልጆች ውጤታማነቱ በጥናት የተረጋገጠ አንድ የሕክምና ስልት እናትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ በጨዋታ በኩል ስለሆነው ነገር እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ነው። ሕክምናው ግን የሚሠራው ጥቃቱ ሲቆም ነው፤ እየዘነበ ጣሪያ አይጠገንም።

ትልቋን ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሻል?» ቢሏት «ምንም» ነው የምትልዎት። ፀጉሯን እየሠሩላት፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ቢያናግሯት ይቀላታል። «ማታ ማታ ትሰሚያለሽ፣ አውቃለሁ። ስለ እኔ የምትጨነቂውን እኔ ልጨነቀው» ብለው ዝም ይበሉ። ያን ዕለት አንድም ቃል ላይወጣት ይችላል። አትጫኗት፣ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም ፀጉሯን ይሥሩላት።